ከ80 ዲግሪ በላይ፣ ከ800 በታች፦ የፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ምርምርና የሃይድሮጅን ማነቆ

ስለ ንጹሕ ኃይል ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምንከራከረው በምንጩ ላይ ነው። ግድቡ ስንት ሜጋዋት ያመነጫል? ከፀሐይ ስንት ይገኛል? ነፋሱስ ያዋጣል ወይ? ኤሌክትሪኩ ከመነጨ በኋላ ያለው ጣጣ ግን እምብዛም አይነሳም። ሽቦ ለማይደርስለት መርከብ፣ ረጅም መንገድ ለሚጓዝ ከባድ መኪና፣ ለማዳበሪያ ፋብሪካ የሚሆን ኃይል በኬሚካል መልክ መቀመጥ አለበት። ኤሌክትሪክ ውኃን ሰንጥቆ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ሃይድሮጅኑ ደግሞ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ጊዜ ከኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ኤሌክትሪኩን ይመልሳል። መርሁ አዲስ አይደለም፤ ዊልያም ግሮቭ የነዳጅ ሴልን ያሳየው በ1839 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያኔም ዛሬም አስቸጋሪው ነገር ልውውጡ የሚካሄድበት ስስ ቁስ ነው።

ይህን ዛሬ ማንሳት የሚገባው ሃይድሮጅን ክፉ ጊዜ ላይ ስለሆነ ነው። የአውስትራሊያው የማዕድን ኩባንያ ፎርተስኪው እስከ 2030 ድረስ በዓመት 15 ሚሊዮን ቶን አረንጓዴ (በታዳሽ ኤሌክትሪክ የሚመረት) ሃይድሮጅን አመርታለሁ ብሎ ዓለምን ሲያስደምም ከቆየ በኋላ በ2024 አጋማሽ ዕቅዱን ትቶታል። ዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ እንደሚለው በ2023 ዓለም የተጠቀመችው ሃይድሮጅን 97 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። ከዚህ ውስጥ በዝቅተኛ የካርቦን ልቀት የተመረተው አንድ ሚሊዮን ቶን እንኳ አይሞላም። የቀረው የሚመጣው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው። ዋጋው ነው ያስቸገረው። የኤሌክትሪኩ ዋጋ ትልቁን ድርሻ ይይዛል፤ ያን ኤሌክትሪክ ሳያባክን፣ ውድ ብረት ሳይጠይቅ፣ ሳይበላሽ ለዓመታት የሚሠራ መሣሪያ ማግኘት ደግሞ ሌላው ነው።

ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ሦስት ዐሥርተ ዓመታት ያህል ይዘው ከቆዩት ሳይንቲስቶች አንዷ ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ናቸው። በ1966 አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው በግዕዝ ጥናትና በብራና ጽሑፎች ምርምር ስማቸው የገነነው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 ወታደሮች ቤታቸው ድረስ መጥተው በከፈቱት ተኩስ ፕሮፌሰር ጌታቸው ለተሽከርካሪ ወንበር ተዳረጉ፤ ቤተሰቡም ተሰድዶ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ገባ። ልጅቱ በኤምአይቲ የቁስ ሳይንስ ምህንድስና ተምረው፣ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ሠርተው፣ ተመልሰው በኤምአይቲ በ1992 ዶክትሬታቸውን አገኙ። ጀርመን ሽቱትጋርት በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ቆይተው፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ከ1996 ጀምሮ በካልቴክ፣ ከ2015 ወዲህ ደግሞ ቺካጎ አጠገብ በሚገኘው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል።

በአማርኛ ስለ እርሳቸው የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በዚህ የሕይወት ታሪክ ይጀምርና እዚያው ያልቃል። ኩራቱ ይገባል። ነገር ግን ሥራቸውን ሳናነብ በስማቸው ብቻ መኩራት ለእርሳቸውም ለእኛም አይበቃም። የሠሩት ነገር ራሱ የሚነገር ታሪክ አለው።

መሐል ላይ ያለው ባዶ ቦታ

የነዳጅ ሴል ሁለት ኤሌክትሮዶችና በመካከላቸው ኤሌክትሮላይት የሚባል ንብርብር አለው። በአንዱ ኤሌክትሮድ ሃይድሮጅን ኤሌክትሮኑን ጥሎ ፕሮቶን ይሆናል። ኤሌክትሮኑ በውጭ ባለው ሽቦ ዞሮ አምፖሉን ያበራል፣ ሞተሩን ያሽከረክራል። ፕሮቶኑ በኤሌክትሮላይቱ ውስጥ አልፎ ማዶ ይደርሳል፤ እዚያ ከኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ውኃ ይሆናል። ኤሌክትሮላይቱ ጋዝም ኤሌክትሮንም ማሳለፍ የለበትም። ኤሌክትሮዶቹ ላይ ደግሞ ኬሚካላዊ ለውጡን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን የማያልቅ ቁስ ያስፈልጋል፤ ኤሌክትሮካታሊስት የሚባለው ይህ ነው። ሁሉንም የሚያንቀራፍፈው የኦክስጅኑ ወገን ነው። ሁለቱ የኦክስጅን አቶሞች እርስ በርስ አጥብቀው የተያያዙ ስለሆኑ እነርሱን ለማለያየትና አራት ኤሌክትሮኖችን ለማቀባበል ጥሩ ካታሊስት ከሌለ የሴሉ ኃይል እዚያው በሙቀት መልክ ይባክናል።

አሁን ወደ ሙቀት እንምጣ። ዛሬ በሃይድሮጅን መኪኖች ውስጥ የሚገኘው ሴል ኤሌክትሮላይቱ ፖሊመር፣ ማለትም የላስቲክ ዓይነት ገለፈት ነው። ፕሮቶን የሚያሳልፈው ውኃ ስላረጠበው ስለሆነ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙ ሲያልፍ ደርቆ ሥራውን ያቆማል። በዚህ ዝቅተኛ ሙቀት ለውጡ ዝግ ስለሚል ፕላቲነም ግድ ይላል። ፕላቲነሙ ደግሞ በጋዙ ውስጥ ጥቂት የካርቦን ሞኖክሳይድ ርዝራዥ ካገኘ ይመረዛል፤ ስለዚህ ሃይድሮጅኑ እጅግ የጠራ መሆን አለበት። መሣሪያው ተገልብጦ ውኃን ሲሰነጥቅ ደግሞ ኢሪዲየም ይጠይቃል። ኢሪዲየም በዓለም ዙሪያ በዓመት ከማዕድን የሚወጣው ከ7 እስከ 8 ቶን ብቻ ነው። አንድ ከባድ መኪና ከሚጭነው አይበልጥም።

ሌላው ጫፍ ሴራሚክ ነው። ከ700 እስከ 1,000 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት የሚሠሩ የኦክሳይድ ሴሎች ውድ ብረት አያሻቸውም፤ ኒኬል ይበቃቸዋል፣ ነዳጁም መጥራቱ ግድ አይደለም። ዋጋቸውን የሚያስወድደው ግን ሙቀቱ ራሱ ነው። በዚያ ግለት የማይዝግ ብረት ውድ ነው፤ ማሸጊያው ይሰነጠቃል፤ ማብራትና ማጥፋት ሰዓታት ይፈጃል፤ በንብርብሮቹ መካከል ያሉ አቶሞች ቀስ በቀስ ይቀላቀሉና ሴሉ ያረጃል።

በሁለቱ መካከል፣ ከ200 እስከ 600 ዲግሪ ባለው ክልል፣ ኬሚካላዊ ለውጡ ፈጣን ነው፣ ብረቱም ርካሽ ሊሆን ይችላል። ለረጅም ጊዜ ያልነበረው በዚያ ሙቀት አዮንን፣ ማለትም እንደ ፕሮቶን ያለ ኤሌክትሪካዊ ቻርጅ የተሸከመ ቅንጣትን፣ በደንብ የሚያሳልፍ ጠጣር ቁስ ነው። የፕሮፌሰር ሶስና ሥራ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጠቃለል ከተባለ ያንን ባዶ ቦታ መሙላት ነው። ካታሊስቱን ከኤሌክትሮላይቱ ነጥለው አለማየታቸውም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ኤሌክትሮላይቱ የሚሠራበት ሙቀት የትኛው ካታሊስት እንደሚበቃ ይወስናል፤ ካታሊስቱ ደግሞ ኤሌክትሮላይቱን የሚያበላሽ ከሆነ ሁለቱም ዋጋ የላቸውም።

ውኃ የሚያሟሟው ኤሌክትሮላይት

መጀመሪያ የተነሱት ጠጣር አሲድ ከሚባሉ ቁሶች ነው። ሰልፈሪክ አሲድ ሁለት ሃይድሮጅን አለው፤ አንዱን በሲዝየም ብንተካው ግማሹ አሲድ፣ ግማሹ ጨው የሆነ ሲዝየም ሃይድሮጅን ሰልፌት የሚባል ክሪስታል እናገኛለን። በክፍል ሙቀት ተራ ጨው ይመስላል፤ ፕሮቶኖቹ በቦታቸው ተቀርቅረው ይቀመጣሉ። ሙቀቱ 141 ዲግሪ ሲደርስ ግን የክሪስታሉ አደረጃጀት ይፈርስና የሰልፌት ቡድኖቹ ያለ ማቋረጥ መሽከርከር ይጀምራሉ። ደቦ የወጡ ሰዎች ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚቀባበሉ ሁሉ፣ እያንዳንዱ ቡድን እየዞረ ፕሮቶኑን ለጎረቤቱ ያቀብላል። በዚያች ቅጽበት የቁሱ ፕሮቶን የማሳለፍ ችሎታ በሺሕ እጥፍ ደረጃ ይጨምራል። ይህን በ1982 ያገኙት የሞስኮ ተመራማሪዎች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዐሥርተ ዓመታት ያህል ቁሱ የክሪስታል አጥኚዎች ጉዳይ ሆኖ ቆየ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በውኃ ይሟሟል፤ የነዳጅ ሴል ደግሞ ውኃ ያመነጫል። በገዛ ውጤቱ የሚሟሟ መሣሪያ ማን ይሠራል? የፕሮፌሰር ሶስና ቡድን የሰጠው መልስ ቀላል ነው፣ ቀላል በመሆኑም ያስደንቃል። ሴሉ የሚሠራው ከ100 ዲግሪ በላይ ከሆነ የሚወጣው ውኃ እንፋሎት ነው፤ እንፋሎት ደግሞ ክሪስታሉን አያሟሟውም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሴሉ ሲጠፋና ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። በ2001 ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ይህ ቁስ ከ150 እስከ 160 ዲግሪ ባለው ሙቀት የነዳጅ ሴል ሆኖ እንደሚሠራ፣ 1.11 ቮልትም እንደሚሰጥ አሳዩ።

ኃይሉ ገና ትንሽ ነበር፤ ችግርም አልጠፋም። ሃይድሮጅኑና ፕላቲነሙ ተባብረው በሰልፌቱ ውስጥ ያለውን ድኝ ቀስ በቀስ ወደ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይለውጡታል፤ ይህ ጋዝ ደግሞ ካታሊስቱን ይመርዘዋል። ካታሊስቱ ኤሌክትሮላይቱን ይበላል፣ ኤሌክትሮላይቱም መልሶ ካታሊስቱን ይመርዛል ማለት ነው። ስለዚህ ድኙን ትተው ወደ ፎስፌት ዞሩ። ሲዝየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት ተመሳሳይ ለውጥ የሚያደርገው 230 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚያ ሙቀት ግን በውስጡ ያለውን ውኃ እያጣ ይበሰብሳል፤ የታየው የፕሮቶን ፍሰት እውነተኛ የክሪስታል ባሕርይ ነው ወይስ የመበስበሱ ውጤት የሚል ክርክርም ነበር። የካልቴክ ቡድን በሴሉ ውስጥ በቂ እንፋሎት እንዲኖር በማድረግ ክርክሩን በሙከራ ዘጋው፦ እንፋሎት እስካለ ድረስ ቁሱ አይበሰብስም፣ ፍሰቱም እውነተኛ ነው። ሳይንስ መጽሔት በ2004 አወጣው። በቀጣዩ ዓመት ኤሌክትሮላይቱን ወደ 25 ማይክሮሜትር አሳስተው የሴሉን ኃይል በብዙ እጥፍ አሳደጉት።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆም የምፈልገው ይህ ታሪክ ምርምር እንዴት እንደሚራመድ ስለሚያሳይ ነው። ሦስት ጊዜ አይሆንም የሚያሰኝ ምክንያት መጣ፤ መጀመሪያ ይሟሟል፣ ቀጥሎ ይመርዛል፣ ከዚያም ይበሰብሳል። ሦስቱም እውነት ነበሩ። እያንዳንዱ የተፈታው ግን ሁኔታውን በትክክል በመጠየቅ ነው፦ በየትኛው ሙቀት፣ ከየትኛው ጋዝ ጋር፣ በምን ያህል እንፋሎት?

ያልተፈታም አለ። በ240 ዲግሪ የሚሠራው ይህ ሴል የፖሊመር ሴሉን ፕላቲነም የሚመርዘውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይቋቋማል፤ ስለዚህ ከሜታኖል በተገኘ ያልጠራ ሃይድሮጅን መሥራት ይችላል። ከላቦራቶሪው የወጡ ተመራማሪዎች ፓሳዴና ውስጥ ሳፍሴል የሚባል ኩባንያ የመሠረቱትም ይህን ይዘው ነው። ሆኖም በኦክስጅኑ ወገን አሁንም ፕላቲነም ይፈለጋል፤ መጠኑም በመኪና ውስጥ ካለው የፖሊመር ሴል የበለጠ ሆኖ ቆይቷል። ፕሮቶን፣ ኤሌክትሮንና ጋዝ ሦስቱ የሚገናኙበት ቦታ በጠጣር አሲድ ውስጥ ጠባብ ስለሆነ አብዛኛው ፕላቲነም ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ፕላቲነሙን በናኖሜትር ደረጃ አድቅቆ በትክክለኛው ቦታ ላይ ብቻ ማሳረፍ የቡድናቸው የብዙ ዓመት ሥራ ነው።

ሴራሚኩን ማቀዝቀዝ

በሌላ በኩል ከላይ ወደ ታች ወረዱ። በ2004 ከዞንግፒንግ ሻኦ ጋር ኔቸር ላይ ያወጡት ጽሑፍ ከባሪየም፣ ስትሮንቲየም፣ ኮባልትና ብረት የተሠራ ኦክሳይድ በኦክስጅኑ ወገን ካታሊስት ሆኖ፣ በ600 ዲግሪ በካሬ ሴንቲሜትር ከአንድ ዋት በላይ እንደሚያስገኝ አሳየ። ፔሮቭስካይት ከሚባለው የክሪስታል ቤተሰብ የሆነው ይህ ቁስ በዘርፉ መለኪያ ሆነ፤ ከዓመታት በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች በክፍል ሙቀት ውኃን ሰንጥቆ ኦክስጅን ለማውጣትም ድንቅ ካታሊስት እንደሆነ አገኙት። ደካማ ጎኑ አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ባሪየሙና ስትሮንቲየሙ ካርቦኔት ይሆኑና ገጹን ይሸፍኑታል።

በሴሪየም ኦክሳይድ የሠሩት ደግሞ ኤሌክትሪክን ጭራሽ ይዘላል። ከስዊዘርላንዱ አልዶ ስታይንፌልድ ጋር በ2010 ሳይንስ ላይ ያወጡት ሥራ የፀሐይን ጨረር ሰብስቦ ቁሱን ከ1,500 ዲግሪ በላይ ያግለዋል። ቁሱ ከኦክስጅኑ ጥቂቱን ይለቃል። ቀዝቅዞ እንፋሎት ሲያልፍበት የጎደለውን ኦክስጅን ከውኃው ይነጥቅና ሃይድሮጅን ይተዋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢሰጡት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። 500 ዙር ሠርቷል። ወደ ነዳጅ የተለወጠው የፀሐይ ኃይል ግን ከአንድ በመቶ ያነሰ ነበር። ብዙዎች ይህን ቁጥር አይተው ተዉት። የስታይንፌልድ የዙሪክ ቡድን አልተወውም፤ መንገዱ ዛሬ ከፀሐይ የአውሮፕላን ነዳጅ ወደሚሠሩ የሙከራ ተቋማት አድርሷል።

ለእኔ ከሁሉም ትልቁ ተስፋ ያለው ግን በ2018 ኔቸር ኢነርጂ ላይ የወጣው የፕሮቶን ሴራሚክ ሥራ ነው። ተለምዷዊው ሴራሚክ የሚያሳልፈው የኦክስጅን አዮንን ነው፤ ትልቅ ስለሆነ ለመንቀሳቀስ ከፍተኛ ሙቀት ይጠይቃል። ፕሮቶን ትንሽ ናት፣ ከ400 እስከ 600 ዲግሪ ባለው ሙቀት በባሪየም፣ ዚርኮኒየምና ሴሪየም ኦክሳይድ ውስጥ በቀላሉ ታልፋለች። ቁሱ ቀድሞም ይታወቅ ነበር፤ ግራ ያጋባው ኤሌክትሮላይቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ ከእርሱ የተሠራው ሴል ደካማ መሆኑ ነው። የኖርዝዌስተርን ቡድን ጥፋቱን ያገኘው በመጋጠሚያው ላይ ነበር። ካታሊስቱና ኤሌክትሮላይቱ በትክክል ስላልተነካኩ ፕሮቶኑ ድንበሩ ላይ ይቆማል። መፍትሔው ከዚያው ከካታሊስቱ ቁስ የተሠራ ስስና ጥቅጥቅ ያለ ንጣፍ በመካከላቸው ማንጠፍ ሆነ። ካታሊስቱ ራሱም ፕሮቶንን፣ የኦክስጅን አዮንንና ኤሌክትሮንን አንድ ላይ የሚያሳልፍ ስለሆነ ለውጡ በጠርዙ ብቻ ሳይወሰን በመላ ገጹ ይካሄዳል። በ500 ዲግሪ በካሬ ሴንቲሜትር ከግማሽ ዋት በላይ ተገኘ። በቀጣዩ ዓመት ያንኑ ሴል ገልብጠው እንፋሎትን ሲሰነጥቁበት ሃይድሮጅን በጥሩ ብቃት አወጣ፤ አንዱ መሣሪያ ቀን በፀሐይ ኤሌክትሪክ ሃይድሮጅን ሲያመርት፣ ማታ መልሶ ኤሌክትሪክ ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው። ኢሪዲየምም ፕላቲነምም በዚህ ሴል ውስጥ የሉም።

አሞንያ

ሃይድሮጅንን ማጓጓዝ ከባድ ነው፤ ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ላይ ነው። አሞንያ ግን ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ከክብደቱ 17.6 በመቶው ሃይድሮጅን ነው፤ ዓለም በዓመት ከ180 ሚሊዮን ቶን በላይ ስለምታመርተው መርከቡም ማጠራቀሚያውም አለ። ሃይድሮጅኑን መልሶ ለማውጣት ግን ብዙውን ጊዜ ከ500 ዲግሪ በላይ ሙቀት ያሻል፤ የሚተርፈው የአሞንያ ቅንጣትም የፖሊመር ሴልን ያበላሻል።

በ2020 ጁል (Joule) በተባለው መጽሔት ላይ የወጣው የፕሮፌሰር ሶስና ሥራ ያንን የድሮ ጠጣር አሲድ እዚህ አመጣው። በአንዱ ወገን በሲዝየም የታገዘ የሩቴኒየም ካታሊስት አሞንያውን በ250 ዲግሪ ይበትነዋል። የወጣው ሃይድሮጅን ወዲያው ፕሮቶን ሆኖ በኤሌክትሮላይቱ ውስጥ ይሻገራል፤ ማዶ የሚወጣው የጠራ ሃይድሮጅን ነው። ሃይድሮጅኑ ያለማቋረጥ ከቦታው ስለሚነሳ የመበተኑ ለውጥ ወደፊት ይጎተታል፤ ከፍተኛ ሙቀት ያላስፈለገው በዚህ ነው። የሩቴኒየሙና የፕላቲነሙ ውድነት ገና አልተፈታም። ግን ካታሊስቱና ኤሌክትሮላይቱ በአንድ ሙቀት ላይ ተስማምተው አንዱ የሌላውን ሥራ ሲያቃልል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

አሞንያን ያነሳሁት የእኛም ጉዳይ ስለሆነ ነው። የማዳበሪያ መነሻው አሞንያ ነው። በአፍሪካ ከውኃ ኃይል አሞንያ መሥራትም አዲስ አይደለም፤ አስዋን ላይ ያለው የኪማ ፋብሪካ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በዓባይ ኤሌክትሪክ ውኃ እየሰነጠቀ ማዳበሪያ ሠርቷል፣ በኋላ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዞረ። የዚምባብዌው ሴብል ኬሚካልስም በክዌክዌ ለዐሥርተ ዓመታት እንዲሁ ሲሠራ ቆይቶ ውኃ መሰንጠቁን አቁሟል። ኢትዮጵያ ደግሞ በነሐሴ 2025 ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር በጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት፣ የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ፋብሪካ ለመገንባት ተስማምታለች፤ ጥሬ ዕቃው የካሉብና የሂላላ ጋዝ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ሁለቱ ዜናዎች ተከታትለው ሲመጡ፣ ይህን ያህል ኤሌክትሪክ ይዘን ለምን ጋዝ? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

እናስላው። 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ 1.7 ሚሊዮን ቶን ገደማ አሞንያ ይፈልጋል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ አንድ ቶን አሞንያ በዛሬው ቴክኖሎጂ 10 ሜጋዋት ሰዓት አካባቢ ይበላል። ሲባዛ 17 ቴራዋት ሰዓት (አንድ ቴራዋት ሰዓት አንድ ሚሊዮን ሜጋዋት ሰዓት ነው) ይሆናል። የሕዳሴ ግድብ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የሚጠበቀው 15.7 ቴራዋት ሰዓት ያህል ነው። ግድቡ በሙሉ ለዚህ አንድ ፋብሪካ ቢሰጥ አይበቃም ማለት ነው፤ ለዩሪያው የሚያስፈልገውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከየት እናመጣለን የሚለው ሳይነሳ። ቤታቸው መብራት ላልገባ በአሥር ሚሊዮኖች ለሚቆጠሩ ወገኖች የሚሆን ኃይል እያለ ይህን የሚመክር ሰው ስሌቱን አላየም።

ስሌቱ ግን የት ላይ እንደሚለወጥም ያሳያል። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ለማውጣት በንድፈ ሐሳብ 39.4 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል፤ የዛሬዎቹ ቀዝቃዛ መሣሪያዎች ከ50 እስከ 55 ይበላሉ። ውኃው በእንፋሎት መልክ በሙቅ ሴል ከተሰነጠቀ የኤሌክትሪክ ፍጆታው ወደ 40 ሊወርድ ይችላል፤ ምክንያቱም ከሥራው ከፊሉን ሙቀት ይሸከመዋል። አሞንያ ሲሠራ ደግሞ ራሱ ሙቀት ይለቃል፤ ያ ሙቀት ውኃውን ሊያፈላ ይችላል። በአንድ ኪሎ 10 ኪሎዋት ሰዓት ከተቆጠበ፣ በዚህ ፋብሪካ መጠን 300 ሺሕ ቶን ሃይድሮጅን ላይ 3 ቴራዋት ሰዓት ይተርፋል። ከግድቡ ዓመታዊ ምርት አንድ አምስተኛ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ያን የሚያተርፈው አዲስ ግድብ አይደለም፤ በ500 ዲግሪ የሚሠራ፣ መጋጠሚያው የተስተካከለ ስስ ሴራሚክ ነው።

ፕሮፌሰር ሶስና ይህን ዓይነቱን ሥራ ወደ አፍሪካ ለማቅረብም ሞክረዋል። በታኅሣሥ 2012 ከአሜሪካና ከአፍሪካ የመጡ ወጣት ተመራማሪዎች አዲስ አበባ ላይ ለሁለት ሳምንት ያህል ስለ ኃይል ቁሶች የተማሩበትን የጋራ ተቋም ካቋቋሙት አንዷ እርሳቸው ናቸው፤ በ2016 ደግሞ አሩሻ ላይ ተደግሟል። የካታሊስት ምርምር ብዙው ክፍል የቢሊዮን ዶላር ማሽን አይጠይቅም፤ ዱቄት ማዋሃድ፣ ምድጃ፣ የኤሌክትሮኬሚስትሪ መለኪያና ትዕግሥት ይጠይቃል። ችግሩ ከተመረቁ በኋላ ወዴት ይሄዳሉ የሚለው ነው። መለኪያው ሲበላሽ መለዋወጫ፣ ጋዙ ሲያልቅ ሌላ ሲሊንደር በወቅቱ ካልደረሰ የዶክትሬት ተማሪ አንድ ዓመት ያጣል። ለማዳበሪያ ፋብሪካው ከታቀደው ገንዘብ አንድ በመቶው እንኳ ለእንዲህ ያሉ ላቦራቶሪዎች ቢመደብ 25 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ በቁስ ሳይንስ ዓለም ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው።

አሁን ለፕሮቶን ሴራሚክ የቀረው ዋና ፈተና ዕድሜ ነው። በቋሚ ቦታ የሚተከል የነዳጅ ሴል ያዋጣል ለመባል ቢያንስ 40 ሺሕ ሰዓት፣ ማለትም አራት ዓመት ተኩል ያህል፣ ሳይደክም መሥራት ይጠበቅበታል። በላቦራቶሪ የታዩት ሙከራዎች አብዛኞቹ በመቶዎችና በጥቂት ሺሕ ሰዓታት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የተሞከሩት ሴሎችም በሳንቲም የሚመጠኑ ናቸው። የእጅ መዳፍ የሚያህል ሴራሚክ ሳይሰነጠቅ ጠፍጥፎ መተኮስ፣ በመቶዎች ደርድሮ ማሸግ፣ በእንፋሎት ውስጥ ባሪየሙ ቀስ እያለ እንዳይለቅ ማድረግ የሚቀጥሉት ዓመታት ሥራ ነው። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ኒኬል፣ ባሪየምና ዚርኮኒየም እንደ ኢሪዲየም በጥቂት ቶኖች የሚሰፈር አይደለም።